ባይት፣ ፊደልና ቃል፦ ስፓምአሳሲን የተባለውን የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያ ለአማርኛ ስለ ማሻሻል

የኢሜይል ማጣሪያ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አጭበርባሪውን መልእክት አሳልፎ ገቢ ሣጥን ውስጥ ያኖራል፤ ወይም ደኅናውን መልእክት ይዞ ማንም ወደማይከፍተው ማኅደር ይወረውራል። የመጀመሪያው ስሕተት ተቀባዩን ያሰለቻል፣ አንዳንዴም ያስዘርፋል፤ ነገር ግን ይታያል። ሁለተኛው በዝምታ የሚፈጸም ነው። የነፃ ትምህርት ዕድል ደብዳቤ ወይም አማካሪ የላከው የመመረቂያ ጽሑፍ እርማት በዚህ መንገድ ሲጠፋ፣ ላኪው ደርሷል ይላል፣ ተቀባዩ አልተላከም ይላል፤ ማጣሪያውን የሚጠረጥር የለም። ስለዚህ በመስኩ የተሠሩ ጥናቶች አብዛኞቹ ሁለተኛውን ስሕተት ከመጀመሪያው አብልጠው ይመዝናሉ።

በአማርኛ ለተጻፈ መልእክት ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ማጣሪያው መልእክቱን በእርግጥ አንብቦታልን? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው ስፓምአሳሲን በተባለው፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት በሆነውና እያንዳንዱ አስተዳዳሪ እንደ ፍላጎቱ ሊያስተካክለው በሚችለው ማጣሪያ ላይ ነው። የተመረጠበት ምክንያት ከሌሎቹ የከፋ ስለሆነ አይደለም። የአሠራሩ ዝርዝር በግልጽ ስለሚነበብ ጉድለቱም መድኃኒቱም በጣት ሊጠቆም ስለሚችል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማጣሪያው አሠራር

ስፓምአሳሲን ጀስቲን ሜሰን በፐርል ቋንቋ ጽፎ በ2001 ለሕዝብ የለቀቀው ሶፍትዌር ሲሆን፣ መነሻው ማርክ ጄፍቶቪች በ1997 የጀመረው አነስተኛ ማጣሪያ ነበር። ከ2004 ጀምሮ በአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥር ይገኛል። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ መልእክት በብዙ መቶ ደንቦች ይፈተሻል፤ እያንዳንዱ ደንብ ሲገጥም የተወሰነ ነጥብ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ድምሩ 5 ሲደርስ መልእክቱ አይፈለጌ ተብሎ ይፈረጃል። ነጥቦቹ በሰው ግምት የተቀመጡ አይደሉም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዘረመል ስልተ ቀመር፣ በ3.0 እትም ደግሞ በፐርሴፕትሮን፣ ከብዙ የተፈረጁ መልእክቶች ላይ ተሰልተው የወጡ ናቸው። ለአንድ ደንብ አራት የተለያዩ ነጥቦች የሚሰጡትም ስለዚህ ነው፤ የኔትወርክ ምርመራ ሲኖርና ሳይኖር፣ ተማሪው ክፍል ሲሠራና ሳይሠራ የአንዱ ደንብ ማስረጃነት ይለያያልና።

መስተካከል መቻሉ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ነው። አስተዳዳሪው በጋራ የማዋቀሪያ ፋይል፣ ተጠቃሚው በግል ፋይሉ ነጥብ ይለውጣል፣ ደንብ ይጨምራል፣ የሚታመኑ ላኪዎችን ይመዘግባል። ከ3.0 እትም ወዲህም የማጣሪያውን እምብርት ሳይነኩ አዲስ ተግባር በተሰኪ መልክ መጨመር ይቻላል። ነጥቦቹ የተሰሉባቸው መልእክቶች ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛ ናቸው። የአማርኛ መልእክት ከሰውነቱ ይዘት አንጻር በእነዚህ ደንቦች ፊት ባዶ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል።

በእጅ የተጻፈ ደንብ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ለማስታወስ የ2010 መባቻ ይበቃል። የመልእክቱ ቀን እጅግ ወደፊት የራቀ መሆኑን ለመያዝ የተጻፈ አንድ ደንብ፣ በ20 ጀምሮ ሦስተኛው አኀዝ ከ1 እስከ 9 የሆነውን ዓመት ሁሉ እንደ ሐሰተኛ ይቆጥር ነበር። ሲጻፍ 2010 ሩቅ መስሎ ታይቶ ይሆናል። ጥር 1 ቀን 2010 ሲደርስ በዓለም ዙሪያ የተላከ ደኅና መልእክት ሁሉ ከ3 በላይ የቅጣት ነጥብ ተሸክሞ ተነሣ። ስሕተቱ በልማት ላይ በነበረው እትም ቀደም ብሎ ታርሞ ነበር፤ እርማቱ ግን ተጠቃሚዎች ዘንድ ወደሚደርሰው እትም አልተላለፈም ነበር። ከ5 ውስጥ 3ቱን በአንድ ደንብ ማስያዝ ምን ያህል ደፋር ውሳኔ እንደሆነ ከዚያ ቀን የበለጠ ያስተማረ የለም።

ደንብ በባይት ሲጻፍ

ለአማርኛ ማጣሪያውን ማስተካከል የሚፈልግ አስተዳዳሪ መጀመሪያ የሚያስበው ደንብ መጨመርን ነው። ከውጭ አገር የሥራ ቅጥር ጋር የተያያዘ ማጭበርበር ያስቸገረው ሰው «ሥራ» የሚለውን ቃል ሊይዝ ይነሣ እንበል። ቃሉ በ«ሥ»ም በ«ስ»ም እንደሚጻፍ ስለሚያውቅ፣ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ሕግ ሁለቱን ፊደላት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስቀምጦ «ራ»ን ያስከትላል፤ ትርጉሙም «ከሁለቱ አንዱ፣ ከዚያም ራ» ማለት ነው። በመልኩ ትክክለኛ ደንብ ነው። በሥራው ግን አይደለም።

ምክንያቱ ስፓምአሳሲን ደንቦቹን የሚያመሳክረው በፊደል ሳይሆን በባይት መሆኑ ነው። በዩቲኤፍ-8 ኮድ እያንዳንዱ መሠረታዊ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በ1999 ከወጣው ዩኒኮድ 3.0 ጀምሮ የኢትዮጵያ ፊደል የያዘው ክልል የመጀመሪያ ባይቱ ዘወትር 225 ነው፤ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191 ይሆናል። «ስ» 225፣ 136፣ 181 ነው፤ «ሥ» 225፣ 136፣ 165። ቅንፉ ባይት እንጂ ፊደል ስለማያውቅ «ከሁለቱ ፊደላት አንዱ» የተባለው ትእዛዝ «ከ225፣ ከ136፣ ከ165 እና ከ181 አንዱ ባይት» ወደሚል ይለወጣል። ስለዚህ የመጨረሻ ባይቱ ከእነዚህ አንዱ የሆነ ማንኛውም ፊደል ከ«ራ» በፊት ሲመጣ ደንቡ ይገጥማል። «ጥ» እና «ብ» በ165 ያልቃሉ፣ «ት» እና «ድ» በ181፣ «ወ» እና «ፈ» በ136። በዚህም «ጥራት»፣ «ብራና»፣ «ትራንስፖርት»፣ «ድራማ»፣ «ወራት» ሁሉም «ሥራ» ተብለው ይያዛሉ። ስለ ብራና መጻሕፍት ጥበቃ የሚጻጻፉ ሁለት ተመራማሪዎች ደብዳቤያቸው ለምን እንደሚያዝ ሊገባቸው አይችልም፤ ደንቡን የጻፈው አስተዳዳሪም ቢሆን በዓይኑ እያየው ስሕተቱን አያገኘውም።

መፍትሔው ያለው በመሣሪያው ውስጥ ነው። ቅንፉን ትቶ ሁለቱን ፊደላት በአማራጭ ምልክት መለየት ብቻ ይበቃል፤ ያኔ ሦስቱ ባይቶች እንደ አንድ አካል ይታያሉ። ይህን በእያንዳንዱ ደንብ መደጋገም አድካሚ ስለሆነ፣ ማጣሪያው ይዞት የሚመጣውን የምትክ ምልክት ተሰኪ መጠቀም ይሻላል። ተሰኪው አስተዳዳሪው አንድ ጊዜ የሰየመውን ምልክት በደንቦች ውስጥ በሰፊው አገላለጽ ይተካል። የተሠራው የላቲን ፊደል በመሳይ ምልክት እየተካ የሚጽፈውን አጭበርባሪ ለመያዝ ነበር፤ ለ«ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» ቤተሰብ፣ ለ«ሰ» እና «ሠ»፣ ለ«አ» እና «ዐ»፣ ለ«ጸ» እና «ፀ» አንዳንድ ምልክት ቢሰየም ግን ለአማርኛ ሞክሼ ፊደላት ልክ የተሰፋ ያህል ይሆናል። ከዚህ ጋር የመልእክቱን ጽሑፍ ወደ ዩቲኤፍ-8 የሚመልሰው አማራጭ መከፈት አለበት። በ2022 መጨረሻ በወጣው 4.0 እትም ይህ አማራጭ በነባሪነት ክፍት ሆኗል፤ ከዚያ በፊት አስተዳዳሪው ራሱ መክፈት ነበረበት።

ተማሪው ክፍልና የጠፉት ቃላት

ደንብ መጻፍ ግን ሁልጊዜ ከአጭበርባሪው ኋላ መከተል ነው። ለቋንቋ ሁሉ እኩል ያገለግላል ተብሎ የሚታመነው ከመልእክት የሚማረው ክፍል ነው። በ1998 ሳሃሚ፣ ዱሜ፣ ሄከርማንና ሆርቪትዝ የቤይዝን ሕግ ለኢሜይል ማጣራት እንዴት እንደሚውል አሳዩ፤ በ2002 ፖል ግራም ሐሳቡን በቀላል ቀመር አስፋፋው፤ ጋሪ ሮቢንሰን ደግሞ የግራምን ቀመር ስታቲስቲካዊ መሠረት ሰጠው። ስፓምአሳሲን የሚጠቀመው ይህን የሮቢንሰን መንገድ ነው። ሥራውን የሚጀምረው ቢያንስ 200 አይፈለጌና 200 ደኅና መልእክት ከተማረ በኋላ ነው። ቀመሩ ቋንቋ አይመርጥም። ጽሑፉን ወደ ቶከን፣ ማለትም ተቆጥሮ ወደሚመዘገብ ቁራጭ፣ የሚከፋፍለው ክፍል ግን ይመርጣል፤ ነገሩ ሁሉ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

እስከ 2015 ድረስ የነበረው ከፋፋይ ተቀባይነት ያላቸውን ባይቶች በዝርዝር ይዞ የቀረውን ሁሉ በክፍት ቦታ ይተካ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ የላቲን ፊደላት፣ አኀዞች፣ ጥቂት ሥርዓተ ነጥቦች፣ እንዲሁም ከ161 እስከ 255 ያሉ ባይቶች ነበሩ። የመጨረሻዎቹ የተጨመሩት ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ነው። አሁን ከላይ የተጠቀሰውን የግዕዝ ፊደል ባይቶች ማስታወስ ይገባል። ሁለተኛው ባይት ከ136 እስከ 141 ስለሆነ ዘወትር ከዝርዝሩ ውጭ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ከመካከሉ ይቆረጣል። የሚተርፈው የአንዱ ፊደል ሦስተኛ ባይትና የተከታዩ ፊደል የመጀመሪያ ባይት፣ ያውም ሦስተኛው ከ160 በላይ ከሆነ ብቻ፣ ተጣብቀው የሚሠሩት የሁለት ባይት ቁራጭ ነው። ከፋፋዩ ደግሞ ከ3 ባይት ያነሰውን ቁራጭ ሁሉ ይጥላል። ውጤቱ ይህ ነው፤ ከአኀዝ ወይም ከላቲን ፊደል ጋር ካልተጣበቀ በቀር ከአማርኛው ጽሑፍ አንድም ቁራጭ ወደ መረጃ ቋቱ አይደርስም። ተጠቃሚው ለዓመታት «ይህ አይፈለጌ ነው» እያለ ሲያስተምረው የነበረው ማጣሪያ የተማረው ከመልእክቱ ራስጌ፣ ከአገናኞቹና በጽሑፉ መካከል ከገቡት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ነበር።

በ2015 የወጣው 3.4.1 እትም ይህን አርሟል። የዩቲኤፍ-8 ፊደል ከዚያ ወዲህ ሳይቆረጥ እንደ አንድ አካል ያልፋል። እርማቱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች ቀርተዋል።

አንደኛው የርዝመት ወሰን ነው። ከፋፋዩ ከ15 በላይ የሆነውን ቶከን ረጅም ብሎ ይሰብረዋል፤ 15ቱ ግን ባይት ናቸው። ለእንግሊዝኛ 15 ፊደል በቂ ነው፤ ለአማርኛ 15 ባይት አምስት ፊደል ብቻ ነው። «ተመራቂ» አራት ፊደል ስለሆነ በሙሉነቱ ይመዘገባል፤ «ተመራቂዎች» ስድስት ስለሆነ ይሰበራል። «ዩኒቨርሲቲ» ይሰበራል፤ «አሸንፈዋል» ይሰበራል። ሲሰበርም ወደ ነጠላ ፊደላት ነው። ይህ አሰባበር ለቻይንኛ ምክንያት አለው፤ በቻይንኛ አንድ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ ትርጉም ይሸከማል። በአማርኛ «አ»፣ «ሸ»፣ «ን» ተብሎ የተበተነ ግስ የሚናገረው ነገር የለም፤ እነዚያ ፊደላት በደኅናውም በአጭበርባሪውም መልእክት በእኩል ብዛት ይገኛሉና ዕድላቸው ወደ ግማሽ ይጠጋል። በቋንቋው ብዙ ፍሬ ነገር የሚሸከሙት ቃላት፣ የተረቡ ግሶችና ረጃጅም ስሞች፣ በዚህ ምክንያት ከማስረጃነት ይወጣሉ።

ሁለተኛው ሥርዓተ ነጥብ ነው። ከፋፋዩ ከቃል ጫፍ የሚያራግፋቸው ምልክቶች የላቲኖቹ ናቸው፤ «።»፣ «፣»፣ «፤» እንደ ማንኛውም ፊደል ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። «ሽልማት» እና «ሽልማት።» ሁለት የተለያዩ ቶከኖች ይሆናሉ። «ትምህርት» ብቻውን አምስት ፊደል ስለሆነ ይተርፋል፤ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ሲመጣ ግን አራት ነጥቡ ስድስተኛ ሆኖ ያሰብረዋል። ቃላቱን በሁለት ነጥብ ብቻ እየለየ፣ ክፍት ቦታ ሳይተው የሚጽፍ ሰው ደብዳቤ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ አንድ ረጅም ቃል ይታያል። የጥንቱን ሥርዓት አክብረው የሚጽፉ አዛውንቶች ለዚህ ማጣሪያ ፍጹም የማይነበቡ መሆናቸው ያስገርማል።

ሁለቱንም ለማረም የሚያስፈልገው ለውጥ ትንሽ ነው። ከቤተ ፊደሉ ክልል ውስጥ ከሁለት ነጥብ እስከ አንቀጽ መለያው ድረስ ያሉትን ስምንት ምልክቶች ከመከፋፈል በፊት በክፍት ቦታ መተካት፣ ርዝመትንም በባይት ሳይሆን በፊደል መቁጠር። ከ15 ፊደል የሚበልጥ የአማርኛ ቃል ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ቃል ሳይሰበር ያልፋል። የተረፈው ረጅም ሲሰበር በነጠላ ፊደል ከሚሆን ተደራራቢ በሆኑ የሦስት ፊደል ቁራጮች ቢሆን ይመረጣል፤ የግሱ ሥር ተነባቢዎች በሦስት ፊደል መስኮት ውስጥ አብረው የመታየት ዕድላቸው ሰፊ ነውና። ይኸው ስልት አማርኛን በላቲን ፊደል ለሚጽፉም ያገለግላል፤ እነርሱ አንዱን ቃል በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ስለሚጽፉት ሙሉ ቃሉን መቁጠር ብዙም አይረዳም።

የቃል ቅርጾች መብዛት

ቃሉ ሳይሰበር ቢያልፍ እንኳ ችግሩ በግማሽ ይቀራል። አማርኛ መስተዋድዱን፣ ባለቤትነቱን፣ ብዛቱንና ተሳቢነቱን በቃሉ ላይ ስለሚለጥፍ አንድ ስም ብዙ መልክ አለው። ጉዳቱን በሮቢንሰን ቀመር ማስላት ይቻላል። አንድ ቃል በአይፈለጌ ብቻ n ጊዜ ታይቶ ከሆነ፣ ለመነሻ ግምቱ 0.5፣ ለግምቱ ክብደት 1 ብንሰጥ፣ የቃሉ ዋጋ ግማሽ ሲደመር n፣ ሲካፈል ለ1 ሲደመር n ይሆናል። «ሽልማት»፣ «የሽልማት»፣ «ለሽልማቱ»፣ «በሽልማት»፣ «ሽልማቱን» እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ቢታዩ እያንዳንዳቸው 0.75 ያገኛሉ። ነገ «ከሽልማቱ» የሚል መልእክት ቢመጣ ይህ ቅርጽ አልታየምና ዋጋው 0.5 ነው፤ ማጣሪያው ምንም እንደማያውቅ ይቆጠራል። አምስቱ በአንድ ሥር ተደምረው ቢሆን ኖሮ የስድስተኛው ዋጋ 5.5 ሲካፈል ለ6፣ ማለትም 0.917 ገደማ በሆነ ነበር። ልዩነቱ የሚጎላው ብዙ መልእክት በሌለበት፣ በትንሽ ተቋም ሰርቨር ላይ ነው።

ሞክሼ ፊደላት ደግሞ ይህን ያባዙታል። «ፀሐይ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደሉ ሁለት፣ መካከለኛው ስድስት አማራጭ ስላለው በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ለማጭበርበር የሚሠሩት ቃላትም ከዚህ አያመልጡም፤ «ዕጣ» እና «እጣ»፣ «ዕድለኛ» እና «እድለኛ»፣ «ሀብት» እና «ሐብት»።

የሚቀርበው መድኃኒት ሁሉን ወደ አንድ ማጠፍ፣ ቅጥያንም መቁረጥ ነው። እንዲህ በጥቅሉ ማድረግ ግን የራሱ ዋጋ አለው። መነሻ ፊደልን በጭፍን የሚቆርጥ ፕሮግራም «ከተማ»ን «ተማ»፣ «ለምን»ን «ምን» ያደርጋል። በአንድ ሰርቨር ትግርኛም ይገባል፤ በትግርኛ «ሐ» ከ«ሀ»፣ «ዐ» ከ«አ» የድምፅ ልዩነት ስላላቸው ለአማርኛ የሚጠቅመው እጥፋት ለትግርኛ ሁለት የተለያዩ ቃላትን ያደባልቃል። አጻጻፉ ራሱም ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ውስጥ የሚገኘው «ሥራ» እና በጅምላ በተላከ ማስታወቂያ ውስጥ የሚገኘው «ስራ» እኩል ጥርጣሬ ላያሳድሩ ይችላሉ።

ግራም በ2003 ጽሑፉ ለእንግሊዝኛ ያቀረበው መንገድ እዚህ ላይ የተሻለ ይመስላል። እርሱ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውንና የቃለ አጋኖ ምልክት የተከተለውን ቃል እንደ ራሱ መዝግቦ፣ ቃሉ በዚያ መልኩ ካልታየ ብቻ ወደ ቀለለው ቅርጽ ይወርዳል፤ ከቀለሉት ቅርጾችም ከ0.5 እጅግ የራቀውን ይመርጣል። ለአማርኛ ቢሆን ማጣሪያው መጀመሪያ ቃሉን እንደተጻፈ ይፈልጋል፤ ካጣው ሞክሼዎቹን አጥፎ ይፈልጋል፤ ያንንም ካጣ «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ከመነሻው አንሥቶ ይፈልጋል። «ከተማ» በሙሉነቱ ስለሚገኝ አይቆረጥም። ቢቆረጥ እንኳ «ተማ» በመረጃ ቋቱ ስለማይኖር ጉዳት አያመጣም። «ለምን» ባልታየበት ጊዜ «ምን» ይገኝ ይሆናል፤ «ምን» ግን በሁሉም መልእክት ስለሚገኝ ዋጋው ግማሽ አካባቢ ነውና ሚዛኑን አያዛባም። ስልቱ ስሕተትን አያጠፋም። ስሕተቱ የሚደርስበትን ቦታ ግን ወደ ጥቂት አጋጣሚዎች ያጠባል፤ የተሟላ የሥነ ምዕላድ ተንታኝም አይጠይቅም፤ ኢሜይልን በሰከንድ ስንትና ስንት ጊዜ ለሚፈትሽ ሰርቨር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይህን የሚተገብር ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ስፓምአሳሲን ከ3.0 ወዲህ በመረጃ ቋቱ የሚያስቀምጠው ቃሉን ራሱን ሳይሆን ከቃሉ በሐሽ ስሌት የተገኘ የአምስት ባይት አሻራ ነው። ለተጠቃሚው ምስጢር ጥሩ ነው፤ ለለውጥ ግን አይመችም። ከአሻራው ወደ ቃሉ መመለስ ስለማይቻል፣ ከፋፋዩ ከተለወጠ የቀድሞው ትምህርት ወደ አዲሱ አይሸጋገርም፤ ከእንደገና ማስተማር ግድ ነው። ስለዚህ የተፈረጁ መልእክቶችን በመጀመሪያ መልካቸው ያላስቀመጠ ተቋም ከመጀመሩ በፊት ማስቀመጥ መጀመር አለበት። የቋቱ ነባሪ መጠንም 150,000 ቶከን ስለሆነ፣ የሦስት ፊደል ቁራጮች ሲጨመሩ ቶሎ ሞልቶ ያረጁትን እንዳይጥል ወሰኑን ከፍ ማድረግ ይገባል።

ራስ-ሰር ትምህርት የሚያመጣው አደጋ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ማጣሪያው የማያየውን እንዲያይ ስለማድረግ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ያላየውን ደኅና ብሎ መማሩ ነው። በነባሪ አቀማመጥ ስፓምአሳሲን ተጠቃሚ ሳይጠይቅ ራሱን ያስተምራል። ከተማሪው ክፍል ውጭ ባሉት ደንቦች ድምሩ ከ0.1 በታች የሆነውን መልእክት ደኅና፣ 12 የደረሰውን አይፈለጌ ብሎ ይመዘግባል። ለአይፈለጌው ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ ቢያንስ 3 ነጥብ ከራስጌው፣ 3 ነጥብ ከሰውነቱ መምጣት አለበት። ለደኅናው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የለም።

በእንግሊዝኛ ለሚጻጻፍ ሰው ይህ ሚዛናዊ ነው፤ አጭበርባሪ መልእክት ከደንቦቹ አንዱን ሳይነካ ማለፍ ይከብደዋልና። በአማርኛ የተጻፈ የሐሰት ዕጣ ማስታወቂያ ግን ስመ ጥር በሆነ የኢሜይል አገልግሎት በኩል ከተላከ፣ የላኪው ማረጋገጫ የተሟላ ነው፤ አድራሻው በጥቁር መዝገብ የለም፤ የሰውነት ደንቦች አማርኛ አያውቁም። ድምሩ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ይሆናል። ማጣሪያው ይህን መልእክት ከማሳለፍ አልፎ የደኅና መልእክት ምሳሌ አድርጎ ያጠናዋል። ከፋፋዩ ከታረመ በኋላ ደግሞ «ዕድለኛ»፣ «ሽልማት»፣ «አሸንፈዋል» የሚሉት ቃላት ከነሙሉ መልካቸው በደኅናው ዓምድ ይመዘገባሉ። ማለት፣ ከፋፋዩን ብቻ አርሞ ራስ-ሰር ትምህርቱን እንዳለ መተው ከቀድሞው የባሰ ሁኔታ ሊፈጥር ይችላል። ዕውር የነበረው ማጣሪያ ዓይኑ ተከፍቶ የተሳሳተ ነገር ያነባል። ተማሪው ክፍል መልእክቱን አስቀድሞ በጥብቅ ከጠረጠረው ራስ-ሰር ትምህርቱ እንደሚታቀብ የተደነገገ ቢሆንም፣ ይህ ጥበቃ የሚሠራው ክፍሉ አማርኛውን አስቀድሞ በትክክል ካወቀ ነው።

ስለዚህ የማሻሻያዎቹ ቅደም ተከተል ከይዘታቸው አያንስም። አማርኛ የሚበዛበት ሰርቨር በመጀመሪያ ራስ-ሰር ትምህርቱን መዝጋት፣ ወይም የደኅናውን ወሰን ከዜሮ እጅግ ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ ከፋፋዩን መለወጥ፣ ከዚያ በሰው እጅ ከተፈረጁ መልእክቶች ማስተማር ይኖርበታል። ራስ-ሰር ትምህርቱ ሊመለስ የሚችለው ለአማርኛ የተጻፉ ደንቦች ነጥብ መስጠት ከጀመሩ በኋላ ብቻ ነው። ማጣሪያው ለቋንቋ መለያ የሚጠቀምበት ተሰኪ ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ስላለ፣ ጥንቃቄውን በአማርኛ ለተጻፉት መልእክቶች ብቻ ወስኖ ሌላውን እንደነበረ መተው የሚቻልበት መንገድ ክፍት ነው።

ስለ ፍተሻ

ከላይ የቀረቡት ማሻሻያዎች እያንዳንዳቸው በቁጥር መፈተሽ አለባቸው፤ መፈተሻው ግን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የስፓምአሳሲን የሕዝብ የመልእክት ስብስብ 6,047 መልእክት የያዘና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሰበሰበ ነው፤ ለአማርኛ ምንም አይናገርም። ከ2005 እስከ 2007 የተካሄደው የትሬክ የአይፈለጌ መልእክት ፍተሻ ግን ለዘዴው ጠቃሚ ትምህርት ትቷል። በ2006 ከእንግሊዝኛው ጎን የቻይንኛ ስብስብ አቅርቦ ነበር፤ መልእክቶቹንም ለማጣሪያው ያቀርብ የነበረው በደረሱበት የጊዜ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለአማርኛም መጠበቅ አለበት። መልእክቶቹን ደባልቆ በዕጣ ለሁለት መክፈል የተለመደ ቢሆንም፣ ማጣሪያው ከነገ መልእክት ተምሮ የትናንቱን እንዲፈርድ ያደርገዋል፤ አንድ የማጭበርበር ዘመቻ በአንድ ሳምንት መቶ ቅጂ ስለሚልክም ውጤቱ ከእውነቱ አምሮ ይታያል።

ስብስቡን ማዘጋጀት ከፕሮግራሙ ይልቅ የሚከብድ ሥራ ነው። አጭበርባሪውን መልእክት የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ ደኅናው ግን የሰው ደብዳቤ ነው፤ ሐዘን፣ ብድር፣ የቤተሰብ ጉዳይ ይዟል። ስምና አድራሻን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ቶከኖቹ ራሳቸው ባለቤቱን ሊናገሩ ይችላሉ። አንዱ አማራጭ መልእክቶቹን ሳይሰበስቡ ፍተሻውን ወደ መልእክቶቹ መውሰድ ነው። ስፓምአሳሲን ነጥቦቹን ለመስላት የሚጠቀምበት አሠራር ይኸው ነው፤ ፈቃደኞች ደንቦቹን በየራሳቸው መልእክት ላይ አስኪደው የሚልኩት የትኛው ደንብ የትኛውን መልእክት እንደነካ የሚገልጸውን መዝገብ ብቻ ነው፤ ደብዳቤዎቹ ከባለቤቶቻቸው ዘንድ ይቀራሉ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና መምህራን ጥቂት ሆነው በዚህ መንገድ ቢተባበሩ፣ የታረመው ከፋፋይ ከነባሩ ጋር በአንድ ጊዜ ሊመዘን ይችላል። በዚያ ምዘና ቀድሞ መታየት ያለበት ቁጥር ስንት ማጭበርበር ተያዘ የሚለው ሳይሆን፣ ከፋፋዩ በመለወጡ ምክንያት አስቀድሞ ያልፍ የነበረ ስንት ደኅና የአማርኛ መልእክት አሁን ተይዞ ቀረ የሚለው ነው።